የስንዴ ዘር ሲመረጥ «ከስንቱ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል

በአርሲ ከፍተኛ ቦታዎች የመኸር ስንዴ የሚዘራበት ወቅት በተቃረበ ቁጥር በየገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ጥያቄ መነሣቱ የተለመደ ነው። ይኸውም «ዘንድሮ የትኛውን ዘር እንዝራ?» የሚለው ነው። አንዱ ገበሬ አምና በጎረቤቱ ማሳ ላይ ያየውን ይናገራል። ሌላው ከገበያ የሰማውን ይጨምራል። ሦስተኛው ይነሣና «እሱን ዘር ተዉት፤ አምና ዋግ የመታው ሰው አብዛኛው እሱን የዘራ ነው» ይላል፤ ይጨበጨብለታልም። ስብሰባው ሲበተን የሁለት መቶ አባወራ የዓመት እንጀራ በዚያ አንድ ንግግር ተወስኖ ያድራል።

ገበሬ ማኅበር የሚለው ስም በመንግሥት መዝገብ ላይ ቀበሌ በሚለው ከተተካ ዓመታት ቢያልፉም በገጠሩ አነጋገር አልጠፋም። ኃላፊነቱም ቢሆን አልቀለለም። የስንዴው ሰብል ሲበላሽ የማዳበሪያው ዕዳ አብሮ አይበላሽም፤ ገበሬውም መጀመሪያ ደጃፉን የሚያንኳኳው የቅርቡን መሪ ነው። ስለዚህ መሪው በስብሰባ ላይ የሚቀርብለትን ቁጥር እንዴት መመርመር እንዳለበት ማወቁ ከዘሩ ጥራት ያላነሰ ጉዳይ ነው።

ከላይ የተጠቀሰው ገበሬ ውሸት አልተናገረም። በዋግ ከተመቱት ማሳዎች አብዛኞቹ በእርግጥም ያን ዘር የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ዘሩ ዋግ ይስባል ማለት አይቻልም። አብዛኛው ሰው የሚዘራው እሱኑ ከሆነ፣ ዋጉ ማንንም ሳይመርጥ ቢመታ እንኳ ከተመቱት የሚበዙት ያንኑ የዘሩት ሆነው መገኘታቸው አይቀርም። እዚህ ላይ መነሣት ያለበት ጥያቄ አንድ ቃል ነው፤ «ከስንቱ?» የሚል።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የቀረቡ እንጂ በየትኛውም ቀበሌ የተቆጠሩ አይደሉም። በአንድ ገበሬ ማኅበር ስንዴ የዘሩ 200 አባወራዎች አሉ እንበል። 160ዎቹ ነባሩን ዘር፣ 40ዎቹ አዲሱን ዘር ዘርተዋል። በመኸሩ ማብቂያ በዋግ የተመቱ 68 ማሳዎች ተመዘገቡ። ከእነዚህ መካከል 48ቱ ነባሩ ዘር፣ 20ዎቹ አዲሱ ዘር የተዘራባቸው ናቸው። በስብሰባው ላይ ጎልቶ የሚሰማው «ከ68ቱ 48ቱ ነባሩ ዘር ነው» የሚለው ነው። ይህም ከመቶ 70 ያህል ስለሆነ ያስደነግጣል። «ከስንቱ?» ሲባል ግን ፍርዱ ይገለበጣል። ነባሩን ከዘሩት 160 ሰዎች የተመቱት 48፣ ማለትም ከመቶ 30 ናቸው። አዲሱን ከዘሩት 40 ሰዎች የተመቱት ግን 20፣ ማለትም ግማሾቹ ናቸው።

«ከተመቱት መካከል ያን ዘር የዘሩት ስንት ናቸው?» እና «ያን ዘር ከዘሩት መካከል የተመቱት ስንት ናቸው?» የሚሉት ሁለቱ ጥያቄዎች በድምፅ ይመሳሰላሉ፤ መልሳቸው ግን የተለያየ ነው። የሒሳብ ዐዋቂዎች ይህን በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ዕድል ይሉታል። የአርሲ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ የማራቶን አሸናፊ የሆነችው ፋጡማ ሮባ፣ ከዚያም በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የበቆጂና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው። ከኦሊምፒክ ጀግኖቻችን መካከል የበቆጂን ልጅ ማግኘት ቀላል ነው። ከበቆጂ ልጆች መካከል የኦሊምፒክ ጀግና ማግኘት ግን እንዲያ ቀላል አይደለም፤ በየማለዳው እየሮጠ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ሕፃን ብዙ ነውና።

ወደ ስንዴው እንመለስ። አሁን ደግሞ ሊቀ መንበሩ «እንግዲያው ጥፋቱ የአዲሱ ዘር ነው» ብሎ ሊፈርድ ይችላል። እሱም ቸኩሏል። ዘሩን ማን የት እንደዘራው አልተጠየቀምና። የዚሁ ገበሬ ማኅበር መሬት ከፊሉ ወደ ጭላሎና ወደ ገለማ ተራራዎች የተጠጋ ብርዳምና ጉም የማይለየው፣ ከፊሉ ደግሞ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ነው እንበል። በከፍተኛው ጎጥ ነባሩን ዘር የዘሩት 40 ሲሆኑ የተመቱት 26 ናቸው፤ ከመቶ 65 ማለት ነው። በዚያው ጎጥ አዲሱን ከዘሩት 32 የተመቱት 19 ናቸው፤ ከመቶ 59 ገደማ። በዝቅተኛው ጎጥ ነባሩን ከዘሩት 120 የተመቱት 22፣ ከመቶ 18 ገደማ ናቸው። አዲሱን በዚያ የዘሩት 8 ብቻ ሲሆኑ የተመታው አንዱ ነው፤ ከመቶ 12 ተኩል።

መሪው እርሳስ ይዞ ቢደምረው የቀድሞዎቹን 48 እና 20 መልሶ ያገኛቸዋል። አንድም ማሳ አልተጨመረም፤ አልተቀነሰምም። ነገር ግን በጥቅል ሲታይ የባሰ የመሰለው አዲሱ ዘር በሁለቱም ጎጦች ከነባሩ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዲሱን ዘር በብዛት የወሰዱት የከፍተኛው ጎጥ ሰዎች ናቸው፤ ዋጉም የበረታው እዚያው ነው። ዘሩ የቦታውን ጥፋት ተሸከመ ማለት ነው።

እዚህም ላይ ቢሆን መጠንቀቅ ተገቢ ነው። በ65 እና በ59 መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፤ ሁለት ሦስት ማሳ ወዲህ ወዲያ ቢል ይጠፋል። በዝቅተኛው ጎጥ የተገኘው «ከ8 አንድ» ደግሞ የባሰ ደካማ ነው። በዚያ ጎጥ አንድ ሰው ብቻ ቢጨመርበት ከመቶ 12 ተኩል የነበረው ወደ 25 ይዘላል። ከዚህ መዝገብ በእርግጠኝነት የሚነበበው ከፍተኛው ጎጥ ከዝቅተኛው ይልቅ በዋግ እንደሚጠቃ ነው። የዘሮቹ ብልጫ ገና አልተለየም፤ «ገና አልተለየም» ብሎ ለጉባኤ መናገርም አያሳፍርም።

ጥቅል ቁጥር ሰውን ሊሸፍን እንደሚችል አርሲ በሌላ መንገድ ቀድማ አይታዋለች። በ1960 ዓ.ም. ግድም በስዊድን መንግሥት ርዳታ በጭላሎ አውራጃ የተጀመረውና ማዕከሉን አሰላ ያደረገው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አከፋፍሏል። በሄክታር የሚገኘው ምርትም አድጓል። በወረቀት ላይ የተጻፈው አማካይ ቁጥር እውነት ነበር። ነገር ግን ስንዴ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለ ሰፊ መሬቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኛውን ከመሬቱ ማስነሣት ጀመሩ። የተነቀለው ጭሰኛ ከዚያ በኋላ የሚለካ ማሳ ስላልነበረው በአማካዩ ውስጥ አልተቆጠረም። ምርቱ ያደገው ከስንቱ ሰው ላይ ነው? ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር። ነገሩ ተጠንቶ የታወቀው የድርጅቱ ባለሙያዎች ራሳቸው የተነሡትን ሰዎች ተከታትለው በመመርመራቸው ጭምር ነው። መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነበት የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ከወጣ በኋላ ካዱ በ1968 ዓ.ም. ሥራውን ወደ መላው አርሲ አስፍቶ አርዱ ተባለ።

የዘሮቹም ታሪክ «ከስንቱ?» በሚለው ላይ «በምን ሁኔታ?» የሚለውን እንድንጨምር ያስገድዳል። ዳሽን የተባለው የስንዴ ዘር በ1981 ዓ.ም. በቢጫ ዋግ ተመታ። እንኮይ ለብዙ ዓመታት በአርሲና በባሌ ገበሬ ዘንድ ተወዶ ከቆየ በኋላ በ1986 ዓ.ም. የግንድ ዋግ ጣለው። በ1987 ዓ.ም. የተለቀቀው ኩብሳ ማሳውን ሁሉ ሸፈነ፤ በ2002 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያና በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ግን ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ከ400 ሺህ ሄክታር በላይ ስንዴ ሲያጠቃ ኩብሳና ገለማ የተባሉት ዘሮች ክፉኛ ተጎዱ። በዚያ ዓመት ቆሞ የታየው በ1997 ዓ.ም. የተለቀቀው ዲገሉ ነበር። ገበሬውም እንዳየው ፈረደ፤ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ዲገሉ በአርሲና በባሌ ተስፋፋ። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ የግንድ ዋግ መጣና ዲገሉን በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ሄክታር ላይ አጠፋው፤ አንዳንዱ ማሳ ማጭድ ሳይገባበት ቀረ።

ዲገሉ የግንድ ዋግን ይቋቋማል የተባለው ሐሰት ነበር? አልነበረም። ይቋቋም የነበረው በ1990ዎቹ የአውሮፓውያን ዘመን ማብቂያ በኡጋንዳ የታወቀውንና ዓለምን ያስደነገጠውን ዩጂ 99 የተባለውን የዋግ ዝርያ ነው። በ2006 ዓ.ም. የመጣው ግን ሌላ ዝርያ ነበር። «ይህ ዘር ዋግን ይቋቋማል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁልጊዜ ከኋላው «የመጣው ዋግ እንዲህ ያለ ከሆነ» የሚል ሁኔታ አለበት። በስብሰባ ላይ የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ይነገራል፤ ሁለተኛው ግማሽ የሚሰማው ማሳው ሲቀላ ነው።

ከአሰላ በስተ ሰሜን በአዳማ መንገድ ላይ ያለው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አዳዲስ ዘሮችን የሚያፈልቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዋጉም ራሱን ይለውጣል፤ በነፋስ ተሳፍሮ ድንበር ይሻገራል። ገበሬ ማኅበሩ በበኩሉ የሚቆጣጠረው አንድ ነገር አለ። እሱም ሁሉም ሰው አንድ ዘር እንዲዘራ ወይም እንዲያካፍል መምከር ነው።

አሁንም በምሳሌ ይሁን። አንድ ዘር በአማካይ ከአምስት ዓመት አንዱን በዋግ ይጠፋል እንበል። ቀበሌው በሙሉ እሱን ብቻ ከዘራ በ25 ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ሁሉም ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ግማሹ ቀበሌ ሌላ ዘር ቢዘራና የሁለቱ ዕጣ የማይያያዝ ቢሆን፣ ሁለቱም በአንድ ዓመት የሚጠፉት የአንድ አምስተኛ አንድ አምስተኛ፣ ማለትም በ25 ዓመት አንድ ጊዜ ነው። በምትኩ ግማሹ ሰው የሚጎዳባቸው ዓመታት ስምንት ይሆናሉ። ተደምሮ ሲታይ የ25 ዓመቱ ኪሳራ በሁለቱም መንገድ እኩል ነው። ልዩነቱ ሰዉ ላይ ነው። የግማሹ ሰብል ከቆመ የተጎዳው ከጎረቤቱ ዘር ይበደራል፤ በደቦም ይረዳል። ሁሉም በአንድ ቀን ከወደቀ ግን አበዳሪም ተበዳሪም የለም፤ የሚቀረው በሬውን ገበያ ማውጣት ነው፤ ሁሉም በሬውን ሲያወጣ ደግሞ የበሬው ዋጋ ምን እንደሚሆን ገበሬው ያውቀዋል።

ይህ ስሌት የሚሠራው የሁለቱ ዘሮች ዕጣ የማይያያዝ ከሆነ ብቻ ነው። ስማቸው የተለያየ ሆኖ ዋግን የሚከላከሉበት ኃይል ከአንድ ወላጅ የተወረሰ ከሆነ አንዱን የጣለ ዋግ ሌላውንም ይጥላል። ያን ጊዜ ሁለት ዘር መዝራት በሁለት ስም አንድ ዘር መዝራት ይሆናል። ስለዚህ መሪው የልማት ሠራተኛውን ወይም የምርምር ባለሙያውን «ምርቱ ስንት ኩንታል ነው?» ብሎ ብቻ መሸኘት የለበትም። «አምና ከዘራነው ጋር አንድ ዓይነት መከላከያ ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ሰብሉ ከበቀለ በኋላም ተመሳሳይ ሒሳብ ይመጣል። የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ተቋም በዓለም አቀፍ ደረጃ ስለ ስንዴና በቆሎ ከሚመራመረው ሲሚት፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የነፋሱን አቅጣጫና በየማሳው የታየውን እያገናዘበ የዋግ ማስጠንቀቂያ ሥራ ጀምሯል። ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ወይም ቅጠል ሲቢጫ ሰው ሁሉ ወደ መርጫው ይሮጣል። ይሁን እንጂ ስንዴ የሚቢጨው በዋግ ብቻ አይደለም። ዩሪያ ያነሰው፣ ውኃ የተኛበት ማሳም ይቢጫል።

በምሳሌ ለማየት፣ ከ100 ማሳዎች ዋግ የገባባቸው 10 ናቸው፤ ከእነዚህ 9ኙ ቢጫ ሆነው ይታያሉ። ዋግ ካልገባባቸው 90 ማሳዎችም 27ቱ በሌላ ምክንያት ቢጫ ናቸው። እንግዲህ ቢጫ የሆኑት 36 ሲሆኑ ዋግ ያለባቸው 9ኙ፣ ከአራት አንዱ ብቻ ናቸው። ሁሉም ቢረጭ 27 ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያፈሳል። በሌላ ዓመት ግን አጎራባቹ ቀበሌ አስቀድሞ በዋግ ተወርሮ ከ100ው 50ው ተይዘዋል እንበል። ያን ጊዜ ከዋጋሞቹ 45፣ ከጤነኞቹ 15 ቢጫ ይሆናሉ፤ ከ60ው ቢጫ 45ቱ፣ ከአራት ሦስቱ ዋግ ናቸው። ቅጠሉ ያው ቅጠል ነው፤ የሚናገረው ግን እንደ ዓመቱ ይለያያል። ስለሆነም የጎረቤት ቀበሌን ወሬ መጠየቅ ማሳን እንደ መመልከት ይቆጠራል።

ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ተጨማሪ ማስረጃም አለ። ቅጠሉን በጣት ወይም በነጭ ጨርቅ ማሸት ነው። ዋግ ከሆነ ብናኙ እንደ በርበሬ ወይም እንደ እርድ ዱቄት ጣት ላይ ይቀራል፤ ማዳበሪያ ያነሰው ቅጠል ግን ምንም አይለቅም። በመጀመሪያው ምሳሌ ከ9ኙ ዋጋሞች 8ቱ፣ ከ27ቱ ሌሎች ደግሞ አንዱ ብቻ ዱቄት የመሰለ ነገር ቢያሳዩ፣ ጣት ካቀሉት 9 ማሳዎች 8ቱ በእርግጥ ዋግ አለባቸው ማለት ነው። ከአራት አንድ የነበረው ዕድል በአንድ ጣት ከዘጠኝ ስምንት ሆነ። ለነዚህ መድኃኒቱን ማዘግየት አይገባም፤ ዋግ ቀን አይሰጥም።

ይህ ሁሉ እንዲሠራ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። የአባወራው ስም፣ ማሳው ያለበት ጎጥ፣ የዘሩ ስም፣ የተዘራበት ሳምንት፣ ፀረ ዋግ ተረጭቶ እንደሆነ፣ ዋግ ገብቶ እንደሆነ፣ በመጨረሻም የተገኘው ኩንታል በየመስመሩ ይጻፋል። ምርቱን ለመገመት ሁሉን ማሳ መመዘን አያስፈልግም። የጥቂት አባወራዎች ስም በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ከቁና ውስጥ በዕጣ ይወጣና በማሳቸው ላይ አራት ሜትር በአራት ሜትር ተለክቶ ይታጨዳል፤ ይመዘናል። ከዚያ ቦታ 5 ኪሎ ግራም ከተገኘ በ625 ሲባዛ በሄክታር 31 ኩንታል ከሩብ ይሆናል። ዕጣው የግድ ነው፤ ያለ ዕጣ ከሆነ እንግዳ የሚጎበኘው የመንገድ ዳሩ ማሳ ብቻ ይመዘንና መዝገቡ ሁልጊዜ ጥጋብ ያሳያል።

በየቀበሌው ደብተር ውስጥ በብዛት የሚጎድለው መስመር ግን ሌላ ነው። ዋግ የመታው ገበሬ ለአቤቱታ ስለሚመጣ ስሙ ይመዘገባል። ዋግ ያልገባበት ሰው ግን ወደ ጽሕፈት ቤት የሚመጣበት ምክንያት የለውም። የማኅበሩ ጸሐፊ እስከ ደጁ ሄዶ የዘሩን ስም ጠይቆ «አልገባም» ብሎ ካልጻፈለት «ከስንቱ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ቁጥር ከደብተሩ ውስጥ አይኖርም።